«እርስዎ ነዎት?» ማለት ያቃተኝ ዕለት

ይህን ታሪክ ሳወራ ሰው ሁሉ መሃል ላይ ያቋርጠኝና «ስንት ብር ወሰዱብሽ?» ይለኛል። ብር አልወሰዱብኝም። ብር ቢሆን እስካሁን ረስቼው፣ ምናልባትም እየሳቅሁ ባወራሁት ነበር። የወሰዱብኝ የአባቴን ድምፅ ነው። «ወሰዱብኝ» ማለቴም ለራሴ ማድላት ነው፤ በገዛ እጄ ያስረከብሁት እኔ ነኝ። ነገሩ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ፈጀ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከውስጡ አልወጣሁም።

ስሜ ይታይሽ ነው። ያኔ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የሬጅስትራር ጸሐፊ ነበርሁ። ዓባይ ማዶ በተከራየሁት ቤት ከአባቴ ጋር ለሁለት እንኖር ነበር። በሠፈሩ «ኮምፒዩተር አዋቂ» የምባለው እኔ ነበርሁ። ሥራ የሚያመለክት፣ ትምህርት የሚፈልግ፣ ውጭ አገር ካለ ወንድሙ ጋር መጻጻፍ ያማረው ሁሉ «ኢሜይል ክፈችልኝ» ብሎ እኔ ዘንድ ይመጣል። እከፍትለታለሁ። ፓስወርዱንም የምመርጥለት እኔ ነኝ፤ ዘዴዬ ደግሞ አንድ ነው፦ የሚወደው ታቦትና ታቦቱ የሚውልበት ቀን። ለገብርኤል ወዳጅ ገብርኤል 19፣ ለጊዮርጊስ ወዳጅ ጊዮርጊስ 23። «መቼም ይህን አትረሱትም» እላቸው ነበር። እውነትም አንድም ሰው ረስቶት አያውቅም፤ ችግሩ ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ አለመኖሩ ነው። በጊዜው ግን በብልሃቴ እኮራ ነበር።

አባቴ መርጌታ ጥበቡ ይባላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ በጣና ዙሪያ ባሉ አድባራት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የቅኔን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልንገር፤ ባለቅኔ ለበዓሉ አዲስ ቅኔ ያወጣል፣ እዚያው ማኅሌት ላይ ያሰማል፣ በቃ አለቀ። የአምናውን ዘንድሮ ቢደግም ነውር ነው። ስለዚህ አባቴ በዕድሜያቸው ያወጡት ቅኔ ሁሉ ያለው በራሳቸው ውስጥ ብቻ ነበር። ተማሪዎቻቸው ጽፈው የሰጧቸው አንድ ደብተር ነበር፤ እሱንም የድሮው ቤታችን ምስጥ በላው።

እንዲቀረጹልኝ አንድ ክረምት ሙሉ ለመንኋቸው።

«ቅኔ ዕለቱን ተብሎ ዕለቱን ያልቃል» አሉኝ። «የትናንቱን ዛሬ ልድገም እንዴ?»

«ማኅሌት ላይ ድገሙ አላልሁም አባባ። ስልኩ ውስጥ ይቀመጥ ነው ያልሁ። ደኅና ተማሪ ሲገኝ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል።»

«ስልክሽ ቢሰበርስ?»

«ከስልኩ ወደ ኢሜይሌ ነው የሚሄደው። እዚያ ምስጥ አያገኘው፣ ውኃ አያገኘው።»

«እዚያ ማለት የት ነው?»

እኔም በደንብ አላውቀውም ነበርና ወደ ላይ ጠቆምሁ። ሳቁ። «ሰማይ ላይ ከሆነማ ይሁን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየተቀመጡ ተናገሩ። ቅኔውን ይሉና ፍቺውን ያስከትላሉ፤ ለየትኛው በዓል እንዳወጡት፣ ማን ሰምቶ ምን እንዳለ፣ የትኛው መምህር እንደተቀየማቸው ሁሉ ይነግሩኛል። ከመቶ በላይ ቅጂ ሞላ። ስልኬ ጠበበኝና ሁሉም ኢሜይሌ ላይ መኖሩን አይቼ ከስልኩ ላይ አጠፋኋቸው።

በጥር ወር አባቴ ጠዋት ሲነሱ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለን። እግራቸው በመጠኑ ተመለሰ፤ አንደበታቸው አልተመለሰም። ያ ሁሉ ቃል የነበረበት አፍ «እ» ብቻ ሆነ። አእምሯቸው ግን ደኅና ነበር፤ ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ይረዳሉ። ያን ጊዜ ነው ቅጂው ምን እንደሆነ የገባኝ። በየቀኑ ከሥራ መልስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አንዱን እከፍትላቸዋለሁ። ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበራቸው ላይ ይጠብቁኛል። ግራ እጃቸውን አንስተው በጣታቸው «ጀምሪ» ይሉኛል። የራሳቸውን ድምፅ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁና ወደ ሐሙሱ እንሂድ። አባ ኅሩይ የአባቴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናቸው፤ ሴት የማይገባበት አንድ ደሴት ላይ የገዳም መጋቢ ነበሩ። ለገዳሙ ጉዳይ ኢሜይል ያስፈለጋቸው ጊዜ የከፈትሁላቸው እኔ ነኝ፤ ፓስወርዱ የገዳሙ ታቦትና ቀኑ ነው፣ እንደተለመደው። የሳቸው ቢጠፋ በኔ እንዲመለስ፣ የኔ ቢጠፋ በሳቸው እንዲመለስ አድርጌ ሁለቱን አያያዝኋቸው። ወደ ከተማ ሲመጡ አባቴን ሊጠይቁ ጎራ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ደብዳቤያቸውን በቃል ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰላምታውን እኔ ነበርሁ የማሳምረው። አንድ ቀን «ከሐይቁ መካከል ሰላምታዬ ይድረስ» ብዬ ጽፌ ሳነብላቸው ሳቁ። «ይህስ የኔ አይደለም፤ ያንቺ ነው። ግን ተዪው፣ ያምራል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ በጻፍሁላቸው ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ነበረች። የአባቴን ቅኔ ሰምቶ የሚጽፍ፣ ፍቺውን የሚያውቅ ተማሪ ሊፈልጉልኝም ቃል ገብተው ነበር፤ ስለዚህም ደጋግመን ተጻጽፈናል።

ያ ሐሙስ በፍልሰታ ጾም መሃል ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። አራት ሰዓት ገደማ ቢሮ ተቀምጬ ኢሜይሌን ስከፍት የአባ ኅሩይ ስም ብቅ አለ።

«ለተወደድሽ ልጄ ይታይሽ፤ ጸጋው ይብዛልሽ እያልሁ ከሐይቁ መካከል ሰላምታዬ ይድረስሽ። የመርጌታን ቅኔ በሚመለከት የተላከውን ሰነድ ከፍተሽ ተመልከች። አስቸኳይ ነው።»

ከሥር ሊንክ አለ። ልቤ ዘለለ፤ ተማሪ አግኝተዋል ብዬ ነው። ሊንኩን ስነካው ኢሜይልሽንና ፓስወርድሽን አስገቢ የሚል ገጽ መጣ። ዘወትር የማየው ገጽ ነው፤ ቀለሙም ፊደሉም ያው። አስገባሁ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ባለ ስድስት አኀዝ ቁጥር መጣልኝ። ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ ደብዳቤ ገባ፦ «ልጄ፤ ወደ ስልክሽ የመጣውን ቁጥር ቶሎ ላኪልኝ። ሰነዱ በእኔ በኩል እንዲከፈት ነው።»

በዚህ መሃል ቶሌራ ገባ። ቶሌራ የኮሌጁ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ የጅማ ልጅ ነው፣ ለሥራ መጥቶ ባሕር ዳር የቀረ። ማተሚያችን ወረቀት ነክሶ አልለቅ ብሎ ነበርና ሊያየው ነው የመጣው።

«ምን ተገኝቶ ነው ብቻሽን የምትስቂው?» አለኝ።

«አባ ኅሩይ ጻፉልኝ። ለአባባ ቅኔ ተማሪ ሳይገኝ አልቀረም። ይህን ቁጥር ላኪልኝ ብለውኛል።»

ከማተሚያው ላይ ቀና አለ። «የምን ቁጥር? ስልክሽ ላይ የመጣውን? ይታይሽ፣ እሱን ለማንም እንዳትሰጡ ብዬ ግድግዳው ላይ አልለጠፍኩም?»

«ማንም እኮ አይደሉም፤ አባ ናቸው።»

«እሺ ደውይና ጠይቂያቸው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እሳቸው ከሆኑ ትልኪያለሽ።»

ወረቀቱን መዝዞ አውጥቶ ወደ ሌላ ቢሮ ሄደ። እኔ ስልኬን አነሳሁ፤ የአባን ስም አወጣሁ። ጣቴ እዚያው ቀረ። ምን ልበላቸው? «አባ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» ልበል? እኔ የመርጌታ ልጅ ነኝ። በኛ ቤት ታላቅ ሰው ሲያዝዝ «እሺ» ይባላል እንጂ «ለምን» አይባልም። የአባቴ ተማሪዎች እንኳን ሊጠይቋቸው ቀና ብለው አያዩአቸውም ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው ነጭ ፂም ያላቸውን መነኩሴ መታወቂያ እንደመጠየቅ ያለ ነገር ከአፉ አይወጣም። ደግሞም ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ አባ ሱባኤ ገብተዋል፤ ሱባኤ ሲገቡ ስልክ ይዘጋሉ። ስልክ የዘጋ ሰው እንዴት ኢሜይል ጻፈ? ይህን ጥያቄ ያን ዕለት አልጠየቅሁትም። እንዲያውም «ለአባባ ጉዳይ ሱባኤያቸውን አቋርጠው ጻፉ» ብዬ አመንሁ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስድስቱን ቁጥር ላክሁ።

ቶሌራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «ደወልሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ ደወልሁ» አልሁት።

«ጎበዝ» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያች «ጎበዝ» ናት።

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልሁ። አባ ሌላ መልስ አልላኩም፤ ሱባኤ ላይ ናቸው ብዬ አልጠበቅሁም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በባጃጅ ድልድዩን ተሻግሬ ቤት ገባሁ። አባቴ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ነጠላቸው ተስተካክሏል። ጣታቸውን አነሱ። ስልኬን ከፈትሁ፤ ፓስወርድ አስገቢ አለኝ። አስገባሁ፤ ትክክል አይደለም አለኝ። ረጋ ብዬ ደገምሁ። ሦስተኛ፣ አራተኛ ሞከርሁ።

ጣታቸው እንደተነሳ ነው።

«ኔትወርክ የለም አባባ» አልኋቸው። «ትንሽ እንቆይ።»

ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ መልሰው አሳረፉና ጠበቁ። ጓሮ ወጥቼ ቶሌራ ዘንድ ደወልሁ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ይዞ መጣ። አባቴን እጅ ነሥቶ ከኔ ጋር ወጥ ቤት ገባ፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምናወራው።

«የአባ ስልክ አልተነሳም፣ አይደል?» አለኝ ሥራውን ሳያቋርጥ።

ዓይኔን ወደ ምድጃው መለስሁ። ቀና ብሎ አየኝና አለመደወሌ ገባው። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በወደድሁ።

«እሺ፣ ሌቦቹ ስልክ ቁጥርሽን አውጥተው የራሳቸውን አስገብተዋል። መመለሻ ብለሽ ያስገባሽው ሌላ ኢሜይል የማን ነው?»

«የአባ።»

«ጥሩ፤ በዚያ እንገባለን። የሳቸው ፓስወርድ?»

ነገርሁት። እጁን ከፊደሎቹ ላይ አነሳ።

«ይታይሽ፣ ይሄንን እኮ በጀልባ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ የገቡት በአባ በኩል ነው። ቁጭ ብለው ደብዳቤያችሁን አንብበዋል። ሰላምታውንም ከድሮ ደብዳቤ ገልብጠው ነው የላኩልሽ።»

እሱንም ሞከረ፤ ተቀይሯል። ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ የኮሌጁ ዲን ነበሩ። «ይታይሽ፣ የላክሽልኝ ሰነድ አልከፈት አለኝ። ስልኬ ላይ የመጣውን ቁጥር ልላክልሽ ነው የምትይኝ?» አሉኝ። በኔ ስም ለማውቀው ሰው ሁሉ እየተላከ ነበር ማለት ነው። «ምንም እንዳይነኩ!» ብዬ ጮህሁ። አባቴ ከሳሎን «እ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ቶሌራ ሊወጣ ሲል የቤቴ ቁልፍ መያዣ ላይ ዓይኑ አረፈ። ከዓመት በፊት «ቅጂዎቹን በዚህ ገልብጪ» ብሎ የሰጠኝ ፍላሽ እዚያ ላይ ተንጠልጥሏል። ተስፋ አድርጎ አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ይዤው ዞሬያለሁ።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ አልገባሁም። ደዋውዬ ሰዎችን ካስጠነቀቅሁ በኋላ ወደ ጀልባው ሄድሁ። ምን ፈልጌ እንደሄድሁ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ምናልባት፣ ምናልባት አባ ራሳቸው ጽፈው፣ ሌላው ሁሉ የኔ ስህተት ሆኖ ይሆናል ብዬ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ደፍርሷል፤ ሞገዱ ጀልባዋን እያነሳ ይፈጠፍጣት ነበር። ነጂው «እህቴ፣ ስለት አለብሽ እንዴ በዚህ አየር?» አለኝ። ስለት ቢሆን ምን ነበረበት።

ደሴቱ ላይ ሴት ከወደቡ አታልፍም። ነጂው መልእክቴን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ እኔ ዛፍ ሥር ቀረሁ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለተኛው ጀመረ። ሱባኤ ላይ ያለ መነኩሴ አይወጣም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ሳለ አባ ኅሩይ መቋሚያቸውን ይዘው በጭቃው ላይ እየተጠነቀቁ ሲወርዱ አየሁ። ገና ሳይደርሱ ከሩቅ ጠየቁኝ።

«መርጌታ አረፉ?»

«አላረፉም አባ፤ ደኅና ናቸው።»

ቆመው አማተቡ። «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«አባ፣ ትናንት ጠዋት ደብዳቤ ጽፈውልኛል?»

«እኔ? በምኔ? ስልኬን ሱባኤው ሲገባ አጥፍቼ ለዕቃ ቤቱ መነኩሴ ሰጥቻለሁ። ጾሙ እስኪፈታ አልነካውም። ምን ይል ነበር ደብዳቤው?»

በቃሌ አነበነብሁላቸው። «ከሐይቁ መካከል» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ይህማ ያንቺ ነው፣ ልጄ። እኔ ብቻዬን ስጽፍ እንዲህ አልልም።»

እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ። እውነታቸውን ነው። አንድም ቀን ለብቻቸው ሲጽፉ ያን ቃል ተጠቅመውት አያውቁም፤ አጭር ነው የሚጽፉት፤ «ልጄ፣ ደኅና ነሽ?» ይሉና ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ። አምኜ የከፈትሁት የገዛ ራሴን ቃል ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«ለምን አልደወልሽልኝም?» አሉኝ። «ባላነሳ እንኳ፣ ስልኬ ዝግ መሆኑ ይነግርሽ ነበር።»

«እንዳልደፍርዎት ብዬ ነው አባ። እርስዎ ነዎት ወይ ብዬ እንዴት እጠይቅዎታለሁ?»

«ይኸውልሽ፣ ያ በር ይታይሻል?» ብለው ወደ ላይ አመለከቱ፤ ከዛፎቹ መሃል የግቢው በር ትንሽ ይታያል። «ሲንኳኳ በረኛው 'ማን ነህ?' ይላል። እኔም ከከተማ ስመለስ ይለኛል። ድምፄን ያውቀዋል፤ ግን ይለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተቀይሜው አላውቅም። ሥራው ነው፤ ለኛው ነው የሚጠብቀው።»

አለቀስሁ። አባ አላባበሉኝም፤ እስክጨርስ ቆሙ።

«መርጌታ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ኔትወርክ የለም ብያቸዋለሁ።»

«ንገሪያቸው። በሽተኛ ናቸው ብለሽ እንዳትዋሻቸው። ቃሉ የሳቸው ነው፤ መጥፋቱን የማወቅ መብትም የሳቸው ነው።»

ያን ዕለት አመሻሽ ላይም ዋሸኋቸው። ቶሌራ ኢሜይሉን ለሚያስተዳድረው ድርጅት አቤቱታ ጽፎ ነበርና መልሱ እስኪመጣ ብዬ ነው። ጣታቸውን አነሱ፤ «ዛሬም የለም አባባ» አልሁ። ይህን ጊዜ ጣታቸውን ወዲያው አላወረዱም። ፊቴን ያዩ ነበር።

መልሱ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። አካውንቱ ለማጭበርበር ስለዋለ ለዘለቄታው ተዘግቷል፣ በውስጡ የነበረው አይመለስም ይላል። ቶሌራ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ መልሶ ጻፈ፤ መልሱ ያው ነው። ሌቦቹ ቅኔውን አልፈለጉትም ነበር። ምናልባትም እዚያ መኖሩን አላወቁም። የፈለጉት ስሜን ነበር፤ በስሜ ሌላ ሰው ሊያታልሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ ድሮ የምንቀርጽበት ሰዓት ላይ፣ አባቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ። አንዱንም ሳላስቀር ነገርኋቸው፤ የታቦቱን ፓስወርድ፣ የላክሁትን ቁጥር፣ ለቶሌራ የዋሸሁትን፣ ባዶውን ፍላሽ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከተጨፈነው ዓይናቸው እንባ ወረደ፤ በሽታው ካንደበታቸው ጋር እንባቸውንም የወሰደው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግራ እጃቸው ተነሳና ጣታቸው ቀና አለ፤ «ጀምሪ» የምትለዋ ምልክት።

አልገባቸውም ብዬ ደነገጥሁ። «የለም እኮ አባባ። ምንም የቀረ የለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣታቸውን ወደ ስልኬ፣ ከዚያ ወደ ደረታቸው አመለከቱ። አፋቸውን ከፈቱ። እንደገና ሊነግሩኝ ነበር፤ ከመጀመሪያው። «እ... እእ...» እያሉ ጀመሩ። ዜማው አንድ አልጎደለም፤ መነሻው፣ መውደቂያው፣ ማረፊያው ሁሉ ልክ ነበር። ቃሉ ብቻ አልነበረም። ላባቸው እስኪንጠባጠብ ድረስ አንዱን ሙሉ ቅኔ ያለ አንድ ቃል ጨረሱና «ያዝሽው?» በሚል ዓይን አዩኝ። «ያዝሁት አባባ» አልኋቸው። ስልኬን አላነሳሁትም ነበር። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ግን ቀረጽሁ። በዓመቱ በጾመ ነቢያት እስካረፉ ድረስ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲያ አሉልኝ። አባ ኅሩይ የተናገሩለት ተማሪ በመጨረሻ መጣ፤ ቅጂዎቹን አንድ ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ ሰማ። «ይህ መወድስ ነው፤ ይህ ጉባኤ ቃና ነው» ይለኛል፤ ከዜማው ዓይነቱን ለይቶ ያውቀዋል። ምን እንደሚል ግን ማንም አያውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምክር ከኔ መስማት ያስቃችሁ ይሆናል። ቢሆንም ልበለው። ከዚያ በኋላ ኢሜይል የከፈትሁላቸውን ሰዎች በየቤታቸው ዞሬ የታቦቱን ፓስወርድ አስቀየርኋቸው፤ አንዳንዱ «ታቦቱን ጠላሽ እንዴ?» ብሎ አኩርፎኛል። ዋናው ቁም ነገር ግን ፓስወርዱም አይደለም። ቶሌራ የኢሜይሌን በር በሁለት ቁልፍ፣ በፓስወርድና ወደ ስልኬ በሚመጣው ቁጥር፣ ቆልፎልኝ ነበር፤ ሁለቱንም አንስቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሰጠሁትም ሞኝ ስለሆንሁ አይደለም፤ ጨዋ ልሁን ብዬ ነው። የሚያጭበረብር ሰው የሚመጣው በማናምነው ሰው ስም አይደለም፤ ጥያቄ ልናነሳበት በምናፍረው ሰው ስም ነው። በአለቃችሁ፣ በነፍስ አባታችሁ፣ በአጎታችሁ ስም ይመጣል። ያን ጊዜ ስልክ አንሥታችሁ «እርስዎ ነዎት?» በሉ። እውነተኛው ሰው አይቀየማችሁም። ቢቀየምም ይቅርታ ትጠይቁታላችሁ፤ እኔ የምጠይቀው ሰው አጥቻለሁ። ለልባችሁ የቀረበውን ነገር ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። ዛሬ የአባቴ ቃል አልባ ዜማ ሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ አንዱ አባ ኅሩይ ዘንድ፣ ደሴቱ ላይ ነው።

አባቴ ካረፉ ከጥቂት ወራት በኋላ ቶሌራ አሮጌ ስልኩን ሲያጸዳ አንድ ነገር አግኝቶ ቢሮዬ ድረስ ይዞልኝ መጣ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይያዝ እንደሆነ እንዲያይልኝ የላክሁለት ሙከራ። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዓለም ላይ የቀረው የአባቴ ቃል እሱ ብቻ ነው።

«ይሠራል ይኸ ነገር?» ይላሉ አባቴ።

«ይሠራል አባባ» እላለሁ እኔ፤ ድምፄ ውስጥ ሳቅ አለ።

«አይጠፋም?»

«እኔ እያለሁ? አይጠፋም።»

ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ትንፋሻቸውን ስበው ሊጀምሩ ሲሉ፣ ለሙከራ ይበቃል ብዬ አጠፋሁት።